አንድ ስም ብቻ ያለበት የምርጫ ወረቀት፦ ኦባማ ከኋይት ሐውስ በፊት እንዴት ነበር የሚመረጡት?

አሜሪካ የምትኖር የአክስቴ ልጅ ባለፈው ምርጫ ሰሞን ደወለችልኝ። የምርጫ ወረቀቷ በፖስታ ደርሷታል። ቡናዋን አፍልታ፣ ወረቀቱን ጠረጴዛ ላይ ዘርግታ፣ እስክሪብቶ ይዛ ተቀምጣለች። ላይ ላይ ያሉትን ስሞች ታውቃቸዋለች። ወደ ታች ስትወርድ ግን ግራ ገባት። "የግዛቱ ሴኔት" ይላል፤ ከሥሩ አንድ ስም ብቻ አለ። ተፎካካሪ የሚባል የለም።

"አንድ ሰው ብቻውን ቆሞ ይኼ ምኑ ነው ምርጫ? እኛ አገር ቢሆን እኮ ስቀን አናባራም ነበር" አለችኝ።

እውነቷን ነው። ነገሩ ግን ከላይ ሲያዩት እንደሚመስለው አይደለም። እንዲህ ዓይነት ወረቀት ላይ ፉክክሩ የለም ማለት ሳይሆን፣ አብዛኛውን ጊዜ ወረቀቱ ከመታተሙ በፊት አልቋል ማለት ነው። የት እንዳለቀ ለማየት ደግሞ ሁላችንም የምናውቀውን ሰው ታሪክ መከተል ይቀላል። ባራክ ኦባማ ፕሬዚዳንት ከመሆናቸው በፊት ለስምንት ዓመት ያህል የኢሊኖይ ግዛት ሴኔት አባል ነበሩ። የፓርቲያቸው የውስጥ ምርጫ ላይ የቀረቡበት ወረቀት ልክ እንደ የአክስቴ ልጅ ወረቀት ነበር። ስማቸው ብቻውን ቆሟል።

(ዓመቶቹን ሁሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

የግዛት ሴኔት ደግሞ ምንድን ነው? ከዋሽንግተኑ ይለያል?

ይለያል፤ ብዙ ሰውም እዚህ ላይ ይሳሳታል። "ሴናተር" ሲባል ወዲያው ትዝ የሚለን ዋሽንግተን ያለው ምክር ቤት ነው። ነገር ግን ሃምሳዎቹ ግዛቶች እያንዳንዳቸው የራሳቸው ምክር ቤት አላቸው። እኛ አገር የተወካዮች ምክር ቤት እና የክልል ምክር ቤት እንደሚባለው ዓይነት ነው። መንጃ ፈቃድ፣ ትምህርት ቤት፣ የቤት ኪራይ ሕግ፣ ፖሊስ ተጠርጣሪን እንዴት ይመርምር የሚለው ሁሉ በአብዛኛው የሚወሰነው እዚያ ነው። ዋሽንግተን ስለ ጦርነት ሲጨቃጨቅ፣ እነዚህ ደግሞ ስለ ኑሮ ይጨቃጨቃሉ።

የኢሊኖይ ምክር ቤት ሁለት ክፍል አለው። ሴኔቱ 59 ወንበር፣ ሌላው ቤት 118 ወንበር። አንዱ የሴኔት የምርጫ ክልል ለሁለት ሲከፈል ሁለት የታችኛው ቤት የምርጫ ክልል ይወጣዋል፤ ሒሳቡ እንደዚያ ነው። በ2000 ቆጠራ ግዛቱ 12.4 ሚሊዮን ሕዝብ ነበረው። ለ59 ሲካፈል አንዱ ሴናተር ወደ 210 ሺህ ሰው ይወክላል ማለት ነው።

ዋና ከተማዋ ቺካጎ ሳትሆን ስፕሪንግፊልድ ናት፤ ከቺካጎ 320 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች። ጉባኤ ሲኖር የቺካጎዎቹ አባላት ሦስት ሰዓት ያህል ነድተው ይሄዳሉ፣ ጥቂት ቀን ያድራሉ፣ ይመለሳሉ። ብዙዎቹ ሌላ ሥራም አላቸው። ኦባማ በእነዚያ ዓመታት ቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ሕገ መንግሥት ያስተምሩ ነበር።

ወንበሩ እንዴት ክፍት ሆነ?

በ1995 የኦባማ ሰፈር ሴናተር አሊስ ፓልመር የሚባሉ የተከበሩ ሴት ነበሩ። ክልሉ 13ኛው ነው፤ የቺካጎ ደቡባዊ ክፍል፣ ዩኒቨርሲቲው ያለበትን ሃይድ ፓርክን ይዞ እነ ሳውዝ ሾርን እና ኢንግልዉድን የሚነካ።

በዚያው ዓመት የአካባቢው የኮንግረስ አባል ሜል ሬይኖልድስ በወንጀል ተፈርዶባቸው ወንበራቸው ክፍት ሆነ። ፓልመር ወደ ዋሽንግተን ለመሄድ ተነሡ። "እኔ ስሄድ ይህ ወጣት ይተካኝ" ብለው ኦባማን ሰው ፊት አቀረቡ። ኦባማም በመስከረም ዕጩነታቸውን አስታወቁ።

ከዚያ ነገሩ ተበላሸ። በኖቬምበር መጨረሻ በተደረገው የዴሞክራቶች የውስጥ ምርጫ ፓልመር ሦስተኛ ወጡ። ያሸነፉት ጄሲ ጃክሰን ጁኒየር ናቸው። ፓልመር እጃቸው ባዶ ቀረ። ደጋፊዎቻቸው ኦባማን አነጋገሩ፤ "እሳቸው ተመልሰው ይወዳደሩ፣ አንተ ገና ወጣት ነህ፣ ለጊዜው ተውላቸው" ነው ነገሩ። ኦባማ እምቢ አሉ። ቃል ተገባብተናል፣ ዘመቻ ጀምሬያለሁ፣ ገንዘብ ሰብስቤያለሁ፣ አልመለስም አሉ።

ማን ቃሉን አጠፈ የሚለው ዛሬም ድረስ እንደ ተናጋሪው ይለያያል። ፓልመር ግን አልረሱትም። በ2008 ለኦባማ ተፎካካሪ ለሂላሪ ክሊንተን ነው የቀሰቀሱት።

ፊርማ ይህን ሁሉ ምን አመጣው?

እዚህ ጋ ቀስ እንበል፤ የታሪኩ እምብርት ይህ ነው።

በኢሊኖይ ስምህ ወረቀቱ ላይ እንዲታተም የድጋፍ ፊርማ ማምጣት አለብህ። በዚያ ጊዜ ለ13ኛው ክልል የሚያስፈልገው 757 ፊርማ ነበር። ቁጥሩን ሲሰሙት ቀላል ይመስላል። ችግሩ ማንም መንገደኛ የፈረመው አይቆጠርም። ፈራሚው የተመዘገበ መራጭ መሆን አለበት። የሚኖረው እዚያው ክልል ውስጥ መሆን አለበት፤ አንድ መንገድ ተሻግሮ ከሆነ አለቀለት። ስሙን በፊደል ለያይቶ ከጻፈ "ይህ ፊርማ አይደለም" ሊባል ይችላል። ፊርማውን የሰበሰበው ሰው ራሱ ደንቡን ካላሟላ ደግሞ የሰበሰበው ገጽ በሙሉ ሊወድቅ ይችላል።

ቀበሌ ሄዶ "ማኅተሙ አልጎላም፣ ነገ ተመለስ" የተባለ ሰው ነገሩ ወዲያው ይገባዋል።

ዋናው ቁም ነገር ግን ሌላ ነው። የምርጫ ቦርዱ እያንዳንዱን ፊርማ በራሱ ተነሣሽነት አይመረምርም። ሌላ ሰው ተቃውሞ ካላቀረበ ወረቀቱ ያልፋል። ስለዚህ ልምድ ያለው ዕጩ ሁለት ነገር ያደርጋል። ለራሱ ከሚፈለገው ሦስትና አራት እጥፍ ይሰበስባል፤ የተፎካካሪውን ደግሞ ቁጭ ብሎ አንድ በአንድ ያበጥራል። ቺካጎ በዚህ የታወቀች ከተማ ናት። ጥሩ የፊርማ ጠበቃ ከጥሩ ቀስቃሽ ይበልጣል የሚባልባት ናት ብል ብዙም አላጋነንኩ።

ኦባማ ያስገቡት ከ3,000 በላይ ነበር። ፓልመር ዘግይተው ስለገቡ በጥቂት ቀናት ውስጥ በጥድፊያ ያሰባሰቡት 1,580 ገደማ ነው። ከሚፈለገው እጥፍ ስለሆነ በቂ ይመስላል። በ1996 ጃንዋሪ መጀመሪያ ላይ ግን የኦባማ በጎ ፈቃደኞች ምርጫ ቦርዱ ቢሮ ገብተው ስሞቹን ከመራጮች መዝገብ ጋር ማመሳከር ጀመሩ። ይሄኛው ክልሉ ውስጥ አይኖርም። ያቺኛዋ አልተመዘገበችም። ይህ ፊርማ ሳይሆን የታተመ ስም ነው። መስመር በመስመር፣ ገጽ በገጽ።

መጨረሻ ላይ ፓልመር 200 ያህል ፊርማ ጎደላቸው። ከውድድሩ ወጡ። በዚያው ወንፊት የተጣሩ ሌሎች ሦስት ዕጩዎችም ነበሩ፤ እነሱም ወደቁ። አራት ተፎካካሪዎች ነበሩ፣ አራቱም የሉም። ማርች ላይ ሕዝቡ ድምፅ ሊሰጥ ሲሄድ ያገኘው አንድ ስም ነው፤ ያንጊዜ ማንበቡም የሚያስቸግረው፣ ባራክ ኦባማ የሚል።

ነውር ነው ወይስ ደንብ? ሁለቱንም የሚሉ አሉ። ኦባማ ከዓመታት በኋላ ሲጠየቁ፣ የፊርማ ዘመቻ በቅጡ መምራት ያቃተው ሰው ጥሩ ተወካይ መሆኑም ያጠራጥራል የሚል መልስ ሰጥተዋል። በሌላ በኩል፣ በ1992 ቺካጎ ውስጥ አዳዲስ መራጮችን የማስመዝገብ ትልቅ ዘመቻ የመሩትም እኚሁ ሰው ናቸው። መራጩን በር ለበር አስመዝግበው፣ ከአራት ዓመት በኋላ አማራጩን በሕግ ጠረጉበት። ሁለቱም ሕጋዊ ነው። ሁለቱም እሳቸው ናቸው።

ታዲያ የኖቬምበሩ ምርጫ ምን ሊሠራ ነው?

አሜሪካ ምርጫ ሁለት ጊዜ ነው። መጀመሪያ "ፕራይመሪ" አለ፤ ፓርቲው ዕጩውን የሚለይበት ነው። ከዚያ በኖቬምበር ጠቅላላው ምርጫ ይመጣል፤ የየፓርቲው ዕጩዎች ይጋጠማሉ። ሁለቱ ፓርቲዎች በሚቀራረቡበት ቦታ የኖቬምበሩ ከባድ ነው። የቺካጎ ደቡብ ግን የዴሞክራቶች ምሽግ ነው። እዚያ ሪፐብሊካን ሆኖ መወዳደር ብዙ ተስፋ የለውም። ስለዚህ ፕራይመሪውን ያሸነፈ ወንበሩን አገኘ ማለት ነው።

እኛ ሽማግሌ እንደምንልከው አስቡት። ሽማግሌዎቹ ነጠላቸውን አጣፍተው "እንዲህ ያለ ጉዳይ ይዘን መጣን" ብለው ሲቆሙ፣ ነገሩ ቀድሞ በስልክ አልቋል። የሚቀረው ሥርዓቱ ነው። የኖቬምበሩ ምርጫ በእንዲህ ዓይነት ሰፈር እንደዚያ ነው።

እናም በ1996 ኖቬምበር ኦባማ 82 በመቶ አገኙ። በ1998 ደግሞ 89 በመቶ። በ2002 ተቃዋሚ ስላልነበራቸው ብቻቸውን አለፉ። የአንድን ፖለቲከኛ የምርጫ ታሪክ ሰንጠረዥ ብቻ አይቶ የሚያነብ ሰው "ሕዝቡ እንዴት ቢወዳቸው ነው!" ይላል። ወደውትም ሊሆን ይችላል። ግን 82ቱን ያመጣው ጃንዋሪ ላይ ምርጫ ቦርድ ቢሮ ውስጥ የተሠራው ሥራ ነው። እኔ እንዲህ ያለ ሰንጠረዥ ሳይ መጀመሪያ የምፈልገው ስንት በመቶ የሚለውን አይደለም፤ ፕራይመሪው ላይ ስንት ሰው ነበር የሚለውን ነው።

በ1996 ተመርጠው በ1998 እንደገና፣ ከዚያ እስከ 2002 ዝም። ለምን?

የኢሊኖይ ሴኔት የሥራ ዘመን አንዳንዴ አራት፣ አንዳንዴ ሁለት ዓመት ነው። በየአሥር ዓመቱ ክልሎቹ በሦስት ቡድን ይመደባሉ። አንዱ ቡድን ሁለት፣ አራት፣ አራት ዓመት ያገለግላል። ሌላው አራት፣ ሁለት፣ አራት። ሦስተኛው አራት፣ አራት፣ ሁለት። ሲደመር ሁሉም አሥር ይመጣል። እንዲህ የሆነው ሴኔቱ በአንድ ምርጫ ሙሉ በሙሉ እንዳይገለበጥ ነው። ኦባማ የገቡት ሁለት ዓመቱ ላይ ነበር፤ በ1998 ግን አራት ዓመት አገኙ።

ይህ ተራ ዝርዝር ይመስላል። ቀጥሎ ለመጣው ነገር ግን ወሳኝ ነው።

በ2000 ተሸንፈው ወንበራቸውን ለምን አላጡም?

በ2000 ኦባማ ወደ ኮንግረስ ለመግባት ቦቢ ረሽን ገጠሙ። ረሽ ብላክ ፓንተር የሚባለው የጥቁሮች የትግል ድርጅት የቀድሞ መሪ፣ ከ1993 ጀምሮ የኮንግረስ አባል፣ በደቡብ ቺካጎ ሥር የሰደዱ ሰው ነበሩ። ከዓመት በፊት ለከንቲባነት ተወዳድረው በሰፊው ስለተሸነፉ፣ ኦባማ "ደክመዋል" ብለው ገመቱ።

ግምቱ ፉርሽ ሆነ። በ1999 ኦክቶበር የረሽ ልጅ በጥይት ተገደለ፤ ሕዝቡም በሐዘን ከአባትየው ጎን ቆመ። በዓመቱ መጨረሻ ደግሞ ስፕሪንግፊልድ ውስጥ ስለ ጦር መሣሪያ የሚመለከት ትልቅ ሕግ ለድምፅ ቀረበ። ኦባማ ለገና ቤተሰባቸውን ይዘው ሃዋይ ነበሩ። ሕፃን ልጃቸው ማሊያ ታማ ስለነበር ለድምፁ አልደረሱም። ሕጉ ጥቂት ድምፅ ጎድሎት ወደቀ። ሰፈሩ በጥይት ልጆቹን እየቀበረ ሴናተሩ ሃዋይ የባሕር ዳር ናቸው፤ ጋዜጦቹ ምን ሊሉ እንደሚችሉ መገመት ነው። ፕሬዚዳንት ቢል ክሊንተንም ለረሽ ድጋፋቸውን ሰጡ።

ውጤቱ ረሽ 61 በመቶ፣ ኦባማ 30 በመቶ ሆነ። ኦባማን በምርጫ ያሸነፈ ሰው ቢባል ቦቢ ረሽ ብቻ ናቸው።

እና ወንበራቸውስ? አልተነካም። የሴኔቱ ዘመናቸው እስከ 2002 ምርጫ ድረስ ስለሚቆይ፣ ተወዳድረው ቢሸነፉ ወደ ሥራቸው ይመለሳሉ። ከአራት ዓመት በፊት ፓልመር ላይ የደረሰው ግን ሌላ ነው። የእሳቸው ዘመን የሚያልቀው ወዲያው ስለነበር ሁለቱን ምርጫ በአንድ ሰሞን መምረጥ ነበረባቸው። ያቺ የሁለትና የአራት ዓመት ጉዳይ የአንዷን የፖለቲካ ሕይወት ዘጋች፣ የሌላውን አተረፈች።

ማትረፉም ቢሆን በጭንቅ ነው። በዚያው በጋ የዴሞክራቶች ጉባኤ ላይ ለመገኘት ሎስ አንጀለስ ሄደው፣ መኪና ሊከራዩ ካርዳቸውን ሲሰጡ ካርዱ አልሠራም። ዕዳ በልቶታል። ይህን ራሳቸው እየሳቁ ያወሩታል።

ስፕሪንግፊልድ ምን ይሠሩ ነበር?

መጀመሪያ ላይ ብዙም ሊሠሩ አልቻሉም። ሴኔቱ የሪፐብሊካኖች ነበር። በአሜሪካ ምክር ቤቶች አብላጫ የያዘው ፓርቲ የትኛው ሕግ ለድምፅ እንደሚቀርብ ይወስናል። አናሳው ወገን ረቂቅ ይጽፋል፤ ረቂቁ መሳቢያ ውስጥ ይቀራል። ኦባማ ግን ከተቃራኒው ወገን ሰዎች ጋር ማታ ማታ ፖከር እየተጫወቱ፣ ጎልፍ እየለመዱ ወዳጅ አበጁ። በ1998 አባላት የምርጫ ገንዘብን ለግል ጉዳያቸው እንዳያውሉ፣ ስጦታም እንዳይቀበሉ የሚገድብ ሕግ ከሪፐብሊካኖች ጋር ሆነው አሳልፈዋል። ከባልደረቦቻቸው ይህን ያልወደደላቸው ጥቂት አልነበረም።

አንድ ነገር ደግሞ አለ፤ በ2008 ብዙ ያጨቃጨቀ። ኢሊኖይ ውስጥ አንድ አባል ድምፅ ሲሰጥ ሦስት ቁልፍ አለው። አዎ፣ አይ፣ እና "ተገኝቻለሁ"። ኦባማ ከ4,000 ገደማ ድምፅ 130 በሚያህለው ላይ ሦስተኛውን ነው የተጫኑት። ተቃዋሚዎቻቸው "ፈሪ ነው፣ አቋም የለውም" አሉ። ነገሩ እንዲህ ነው። ሕግ እንዲያልፍ ከ59ኙ 30 "አዎ" ያስፈልጋል፤ ከተገኙት ሳይሆን ከ59ኙ። ስለዚህ "ተገኝቻለሁ" ያለ ሰው በተግባር "አይ" እንዳለ ይቆጠራል። ታዲያ ለምን በቀጥታ "አይ" አይልም? አንዳንዴ ሐሳቡን ደግፎ አጻጻፉን ስለሚቃወም ነው። አንዳንዴ ደግሞ በሚቀጥለው ምርጫ "ይህን ሕግ ተቃወመ" የሚል በራሪ ወረቀት እንዳይበተንበት ነው። የትኛው መቼ እንደሆነ የሚያውቀው ቁልፉን የተጫነው ጣት ነው።

ከባርኔጣ የወጣው ዕጣ

እንግዲህ የምወደው ክፍል ላይ ደረስን።

በአሜሪካ በየአሥር ዓመቱ ሕዝብ ይቆጠራል። ከዚያ የምርጫ ክልሎች ወሰን እንደገና ይሠመራል። ወሰኑን ማን ያሠምር? ዳቦ ቆራሹ ቢላውን እንዴት እንደሚያሳርፍ ያውቃል። መስመሩ ትንሽ ወዲህ ሲሉት የተቃዋሚ ሰፈር ለሁለት ይሰነጠቃል፤ ወዲያ ሲሉት የወዳጅ ሰፈር ይገባል።

በ1970 የወጣው የኢሊኖይ ሕገ መንግሥት ምክር ቤቱ ካልተስማማ ከሁለቱ ፓርቲ እኩል የተውጣጣ ስምንት ሰው ያለበት ኮሚሽን ይቋቋም ይላል። አራት ለአራት። እነሱም ካልተስማሙ? ከየፓርቲው አንድ ስም ይጻፍና ዕጣ ይወጣል። ዘጠነኛው ሰው በዕጣ ይገባል፤ የእሱ ፓርቲ ካርታውን ይሠራል።

ዕቁብ ነው በቃ። ልዩነቱ ዕጣው የደረሰው ሰው የሚወስደው ብር ሳይሆን ለአሥር ዓመት የሚሠራ ካርታ መሆኑ ነው።

ሕጉን የጻፉት ሰዎች ዕጣውን ያስገቡት ማስፈራሪያ እንዲሆን ነበር። "ሁሉን ከምናጣ እንስማማ" ይላሉ ብለው አሰቡ። ፓርቲዎቹ ግን ቁማሩን ወደዱት። በ1981 ዕጣ ወጣ፤ ለዴሞክራቶች። በ1991 ወጣ፤ ለሪፐብሊካኖች። እነሱም ከ1993 እስከ 2003 መጀመሪያ ሴኔቱን ያዙ። ኦባማ ለስድስት ዓመት አናሳ ወገን ውስጥ የተቀመጡት በዚያች ወረቀት ነው። በ2001 ደግሞ የግዛቱ ሴክሬታሪ ጄሲ ዋይት የአብርሃም ሊንከንን ረጅም ባርኔጣ በሚመስል ባርኔጣ ውስጥ እጃቸውን ከተቱ። የወጣው የቀድሞው የቺካጎ ከንቲባ የማይክል ቢላንዲክ ስም ነው። ዴሞክራት።

ካርታውን አሁን ዴሞክራቶች ይሠራሉ። ኦባማም ዕጣው ከመውጣቱ ከወራት በፊት፣ በ2001 የጸደይ ወራት፣ የፓርቲያቸው የካርታ ሠራተኛ ኮምፒውተር አጠገብ ተቀምጠው 13ኛው ክልል እንዴት ቢሆን እንደሚሻል ሲመክሩ ነበር። አዲሱ ክልል ወደ ምዕራብ ከሚዘልቅ ይልቅ ሐይቁን ተከትሎ ወደ ሰሜን ወጣ። መሐል ከተማውን አቋርጦ ሀብታሞቹ ፎቆች ድረስ ደረሰ። ጥቁር መራጮች አሁንም አብላጫ ናቸው፤ ግን ከድሮው ይልቅ ነጮች፣ አይሁዳውያን፣ ባለ ገንዘቦች በዙበት። ከቦቢ ረሽ ጋር ሲወዳደሩ ኦባማን ይበልጥ የወደዷቸው እንዲህ ያሉ መራጮች ስለነበሩ፣ ምክንያቱን ማንም አያጣውም። በ2002 ኦክቶበር የኢራቅን ጦርነት የተቃወሙበትን ንግግር ያደረጉት በዚያው መሐል ከተማ ነው። የግዛት ሴናተር በጦርነት ላይ ድምፅ የለውም። አድማጮቻቸው ግን ከአዲሱ ካርታ ጋር የመጡት ዓይነት ሰዎች ነበሩ።

መራጭ ተወካዩን ይመርጣል ይባላል። በካርታው ጊዜ ተወካይ መራጩን ይመርጣል።

ካርታው ሥራውን ሠራ። በ2002 ኖቬምበር ዴሞክራቶች ሴኔቱን ያዙ። የፓርቲው መሪ ኤሚል ጆንስ የሴኔቱ ፕሬዚዳንት ሆኑ። ኦባማ የጤናና የማኅበራዊ አገልግሎት ኮሚቴውን ሰብሳቢነት አገኙ። መሳቢያ ውስጥ ሲያድሩ የነበሩት ረቂቆች ሁሉ አንድ በአንድ ይወጡ ጀመር። ጆንስም ትልልቅ ሕጎችን ለኦባማ ሰጧቸው፤ የረጅም ጊዜ ባለጉዳዮች "እኛ ስንደክምበት ስሙን እሱ ይወስዳል" ብለው እስኪያጉረመርሙ ድረስ።

ከእነዚህ አንዱን ብቻ ልንገራችሁ። ኢሊኖይ ውስጥ ሞት ተፈርዶባቸው በኋላ ንጹሕ ሆነው የተገኙ 13 ሰዎች ነበሩ። አንዳንዶቹ በምርመራ ክፍል "አምነዋል" የተባሉ ናቸው። ገዥው ጆርጅ ራያን በ2000 የሞት ቅጣት እንዲቆም አደረጉ። ኦባማ ያቀረቡት ሕግ ፖሊስ በግድያ የተጠረጠረን ሰው ሲመረምር በቪዲዮ ይቅረጽ የሚል ነው። ፖሊሶች ተቃወሙ፣ ዐቃቤ ሕጎች ተቃወሙ። ኦባማ ከሁለቱም ጋር ተቀምጠው ቃል በቃል ተደራደሩ። ቀረጻው ንጹሑን ከሐሰት ክስ እንደሚያድን ሁሉ፣ ሐቀኛውን መርማሪም "ደበደበኝ" ከሚል ሐሰት ያድናል አሉ። በ2003 ሲቀርብ አንድም ተቃውሞ አልገጠመውም። እንዲህ ያለውን ግዴታ በምክር ቤት ሕግ ያወጣች የመጀመሪያዋ ግዛት ኢሊኖይ ሆነች።

ሲለቁ ወንበሩን ማን ወረሰ?

በ2004 ኦባማ ለዋሽንግተኑ ሴኔት ተወዳደሩ። በፕራይመሪው ብሌየር ሃል የሚባሉ ባለሀብት ከኪሳቸው ወደ 29 ሚሊዮን ዶላር አፈሰሱ፤ 11 በመቶ አካባቢ አገኙ። ኦባማ 53 በመቶ። በኖቬምበር የሪፐብሊካኖቹን አለን ኪይስን 70 ለ27 አሸነፉ። የሪፐብሊካኖቹን ፕራይመሪ ያሸነፉት ሰው ከመንገድ ወጥተው፣ ኪይስ በምትካቸው ከሜሪላንድ የመጡ ሰው ስለነበሩ ብዙም ፉክክር አልነበረበትም።

የግዛቱ ሴኔት ወንበር ግን ገና ጊዜ ይቀረው ነበር። ኢሊኖይ እንዲህ ሲሆን ምርጫ አይጠራም። የለቀቀው ሰው ፓርቲ የአካባቢው ኮሚቴ ተሰብስቦ ከራሱ ፓርቲ ሰው ይሾማል። ኦባማ ኖቬምበር መጀመሪያ ላይ ለቀቁ፤ በቀናት ውስጥ የሄይቲ ስደተኞች ልጅ የሆኑት ክዋሜ ራውል ተሾሙ። በኋላ የግዛቱ ዋና ዐቃቤ ሕግ እስከመሆን ደርሰዋል። የመጀመሪያውን ቀን ወንበሩ ላይ ሲቀመጡ ግን ከሕዝቡ አንድም መራጭ ድምፅ አልሰጣቸውም ነበር።

ይህን ሁሉ ለአክስቴ ልጅ በስልክ ሳወራላት ቡናው ሦስተኛ ደረሰ። "እሺ፣ ታዲያ እኔ ጋ ፕራይመሪው መቼ ነው? ያኔ እመርጣለሁ" አለችኝ። ኢንተርኔት ላይ ፈልጌ ነገርኳት። ሰኔ ላይ ነበር። የደወለችልኝ በጥቅምት ነው።